ኤሲ እና ዲሲ

የስልክ ቻርጀራችሁን ገልብጣችሁ ደቃቃዋን ጽሑፍ እዩ። ከኢንፑቱ ጎን እንደ ማዕበል የታጠፈች ምልክት አለች፤ ኤሲ፣ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ማለት ናት (ኤሲ ከምንለው የአየር ማቀዝቀዣ ጋር አትምታታ)። ከአውትፑቱ ጎን ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥሩም ሦስት ትንንሽ ሰረዞች ይታያሉ፤ ዲሲ፣ ቀጥተኛ ኮረንቲ።

ዲሲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል፤ የባትሪና የሶላር ኮረንቲ ይኸው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ግን ኤሲ ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኤሲ የተመረጠው ቮልቴጁን በትራንስፎርመር ከፍ ዝቅ ማድረግ ስለሚቀል ነው። በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመርም በ25 ሺህ ቮልት ኤሲ እንዲሠራ የተገነባ ነው። ዲሲም የትንንሽ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ድረስ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር 500 ሺህ ቮልት ዲሲ ነው። በዚያ ርቀት ብክነቱ ያንሳል።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ኤሲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ፣ ሲቋረጥ ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ አይነካም፤ ብልጭታው ሊቀጥል፣ ማብሪያውን ሊያቀልጥ፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ጣሪያው ላይ ሶላር የሚተክል ሰው ‹ዲሲ› የሚል ጽሑፍና ለሶላሩ የሚበቃ ቮልት ያለው ብሬከር ይግዛ፤ ለኤሲ ብቻ የተሠራውን ረከሰልኝ ብሎ አይግጠም።