በቆሎና ሐሩር

በቆሎ ከአሜሪቃ ምድር የተገኘ እህል መሆኑ የታወቀ ነው። ወደ አገራችን ባሕር ተሻግሮ ስለ ገባም በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» ሲባል ኖሯል። ዛሬ ግን እንግድነቱ ቀርቶ በምርቱ ብዛት ከእህሎቻችን ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል። ስለዚህ ይህን እህል ከሐሩር ለማዳን የተደረገው ድካም ለእኛም የሚነካን ነገር ነውና ታሪኩን በአጭሩ እንመለከታለን፤ ዘመኑንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድሞ የጉዳቱን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የበቆሎ ወንዴ አበባ ከአገዳው ጫፍ ይወጣል፤ ሴቴው ግን ከአገዳው መካከል ጸጉሩን ያወጣል። እያንዳንዱ ጸጉር ከላይ የሚወርደውን ብናኝ ሲቀበል አንዲት ፍሬ ትቋጠራለች። በዚህ ወራት ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ ብናኙ ኀይሉን ያጣል፤ ጸጉሩም ይደርቃል። ያን ጊዜ አገዳው ቆሞ ሳለ ራሱ ፍሬ አልባ ይሆናል።

አሜሪቃዊው ሊቅ ጆርጅ ሻል ከ1908 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች፥ ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ብቻ ተዳቅለው የጠሩ ሁለት ዘሮች ሲዳቀሉ ብርቱ ተክል እንደሚገኝ ገለጠ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ዶናልድ ጆንስ አራት ዘሮችን በማዳቀል፥ ለገበሬ የሚበቃ ዘር የሚባዛበትን መንገድ አሳየ። ገበሬው ግን ቶሎ አላመነም፤ ያሳመነው መከራ ነው። በ1934 እና በ1936 በተባበሩት አሜሪቃ መካከለኛ ክፍል ድርቅና ታላቅ ሐሩር በወረደ ጊዜ፥ ድቅሉ ከአሮጌው ዘር ይልቅ ጸንቶ ታየ።

ሁለተኛው ድካም በሜክሲኮ የተደረገው ነው። የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ሊቃውንት ከ1975 ጀምሮ ቱክስፔኞ የተባለውን ዘር ዝናብ በሌለበት ወራት እየዘሩ፥ የመስኖውንም ውሃ በልክ እየቀነሱ፥ በጥማት መካከል ጸጉሩን ሳያዘገይ የሚያወጣውን ተክል መረጡ። በዚህም ድርቅን የሚችል በቆሎ ተገኘ።

ድርቅን የቻለ ሐሩርንም ይችላል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። በአፍሪቃ የተደረጉ ከ20,000 የሚበልጡ ሙከራዎችን መርምሮ በ2011 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በአንድ ዲግሪ አልፎ በዋለ ቍጥር፥ ውሃ በበቃበት ስፍራ እንኳ ምርቱ ከመቶ 1 ይቀንሳል፤ ድርቅ ሲጨመርበት ጉዳቱ ከመቶ 1.7 ይደርሳል። በ2013 ደግሞ 300 ያህል ዘሮች ተፈትነው፥ ድርቅን ብቻ ወይም ሐሩርን ብቻ መቻል ሁለቱን በአንድነት ለመቻል እንደማይበቃ ተረጋገጠ። በአፍሪቃ በሰፊው ከሚዘሩት ድቅሎች ወላጆች መካከል ብዙዎቹ በዚህ ፈተና ወደቁ። ይሁን እንጂ ለድርቅ ከተመረጠው ከላ ፖስታ ሴኪያ የወጣ አንድ ዘር ሁለቱንም ችሎ ስለ ተገኘ፥ የቀደሙት ሰዎች ድካም ከንቱ አልቀረም።

ከዚህ የምንረዳው፥ ዘር በስሙና በዝናው ሳይሆን በሚዘራበት ምድር መከራ ሊፈተን የሚገባው መሆኑን ነው። ለቆላዎቻችን የሚታሰበው ዘርም ውሃ ባነሰበትና ፀሐይ በበረታበት ማሳ በአንድነት ይፈተን። አዲስ ዘር ለማውጣት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሐሩሩ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ የምርምሩ ሥራ በድርቅ ዓመት ብቻ የሚታሰብ ሳይሆን፥ በጥጋብም ዘመን የማይቋረጥ ሊሆን ይገባዋል።