ንጥር ሲሊኮንና የብርሃን ዋጋ

ከጅጅጋ በስተሰሜን በአውበሬ ወረዳ የሚገኘው የሸደር የስደተኞች ጣቢያ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) ነው። የፀሐይ ሴል የሚሠራበት ንጥር ሲሊኮን በዓለም ገበያ ኪሎው ከ400 የአሜሪካ ዶላር በላይ የተሸጠውም በዚያው ዓመት ነበር። ፀሐይ በማይታጣበት ሜዳ የተማሪው ማጥኛ ብርሃን ስለምን ይወደዳል? «ፀሐይ በነጻ ትገኛለች» የሚለው የክፍል ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሲሊኮን በአሸዋና በኳርትዝ ድንጋይ ውስጥ ሞልቶ ይገኛል፤ የሚያስወድደው ማንጠሩ ነው። ኳርትዝ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ እቶን ሲቀልጥ ከመቶ 98 ወይም 99 እጅ ንጹሕ የሆነ ሲሊኮን ይገኛል። ይህ ለብረታ ብረት ሥራ ቢበቃም ለፀሐይ ሴል አይበቃም። ስለዚህ ዱቄቱ ከሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋር ተዋሕዶ በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም ደጋግሞ እየተነነና እየቀዘቀዘ ይነጠራል። በመጨረሻ ከ1000 ዲግሪ በላይ በጋለ ዘንግ ላይ ንጹሑ ሲሊኮን ይጠራቀማል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን የዳበረው ይህ ዘዴ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1954 የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን ከብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊኮን ሴል ሠሩ። በ1975 የአሜሪካ መንግሥት የማንጠሩን ወጪ ለመቀነስ ሰፊ ጥናት አስጀመረ። በአገራችንም በ1985 በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የፀሐይ ኃይል ተተከለ፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ዋጋ ይህን በየመንደሩ ማድረግ የሚታሰብ አልነበረም።

የፀሐይ ሴል ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ የሚሠሩት ከኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ በተረፈ ሲሊኮን ነበር። ከ2004 በኋላ በተለይ በጀርመን ፍላጎቱ ሲያይል ትርፉ አልበቃ አለ፤ የ2008ቱ ውድነት መነሻም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በተለይ በቻይና ታላላቅ ማንጠሪያዎች ሲከፈቱና ተረፈ ምርቱ ተመልሶ ሥራ ላይ ሲውል፣ የኪሎው ዋጋ በ2012 መጨረሻ ከ20 ዶላር በታች ወረደ።

እንግዲህ መምህራን ይህን ሂደት ከኬሚስትሪ ትምህርት ጋር ቢያያይዙት፣ ተማሪው የዋጋን ምክንያት ከዕውቀት ጋር ያገናኛል። ዕቅድ አውጪዎችም የሲሊኮን መርከስ ብቻውን ብርሃን እንዳልሆነ ሊያስተውሉ ይገባል። ሰሌዳው ከሃያ ዓመት በላይ ሲያገለግል ባትሪው በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ለባትሪው መለወጫና ለጠጋኙ ሥልጠና በጀት ያልተያዘለት ትምህርት ቤት፣ ርካሹ ሰሌዳ ጣራው ላይ እያለ ወደ ኩራዝ መመለሱ አይቀርም።