የላስታ ደጋና የጥበቃው ታሪክ

ወደ ላሊበላ የሚመጣ መንገደኛ ዐይኑ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከዐለት ተፈልፍለው በታነጹት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ነው። ከከተማው በላይ ግን ከ4,200 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ እንዲህ ያለው ደጋ በምን እንደሚጠበቅ ከታሪክ መመርመር ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በኬንያና በኪሊማንጃሮ ተራሮች ጫፍ እንደሚታየው ያለ የበረዶ ግግር ዛሬ በኢትዮጵያ የለም። ሆኖም በጥንቱ የበረዶ ዘመን በስሜንና በባሌ ተራሮች ግግር እንደ ነበረ፣ እየገፋ የከመረው ድንጋይ ይመሰክራል። ቅዝቃዜው ሲሸሽ ብርድ የለመዱት ዕፀዋትና አራዊት በከፍተኛው ቦታ ብቻ ተወሰኑ። በአቡነ ዮሴፍም ጓሳው፣ ጅባራውና ቀይ ቀበሮው የሚኖሩት በዚሁ ከፍታ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ የቀሩትም ጎልማሶች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ዋናው ምግቡ የደጋ አይጥ ስለ ሆነ፣ ሣሩ ታርሶ ገብስ ሲዘራበት ቀበሮውም መኖሪያውን ያጣል።

ይህን ሀብት ለመጠበቅ በአገራችን ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው የመንግሥት ዐዋጅ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የእርሻው መስፋፋትና የዋሊያው መመናመን ስላሳሰበ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው። የጥበቃውን ከባድ ዋጋ የከፈለው ግን ገበሬው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በደርግ ዘመን፣ መንደሮች በግድ ተነሡ፤ በ2016 ደግሞ የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ።

ሁለተኛው መንገድ ልማድ ነው። በሸዋ፣ በመንዝ፣ የጓሳው ደጋ በቄሮ ሥርዐት ለብዙ ዘመን ተጠብቋል፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ለአጨዳ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበር። ይህም ሥርዐት የፈረሰው የ1975ቱ የመሬት ዐዋጅ የቆየውን የርስት መብት ሲሽር ነው። በላስታም በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የጥድ ደን የቆመው ቦታው የተቀደሰ በመሆኑ እንጂ የዘበኛ ጠመንጃ ተፈርቶ አይደለም።

የአቡነ ዮሴፍ ደጋ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ክልል ሆኖ ተከልሏል። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ዐዋጅ ወሰን ቢያሰምርም ወሰኑን የሚያከብረው ከተራራው ሥር የሚኖረው ገበሬ መሆኑን ነው። ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ የሚሆነውን ሣር በሥርዐት የማጨድ መብት ካላገኘ፣ ማረሻው ከዓመት ወደ ዓመት ሽቅብ መውጣቱ አይቀርም።