ባቡር የሰጠው፣ ባቡር የነሳው

ሥራ ያጣ ሰው ከወዳጅ ዘመዱ አዘውትሮ የሚሰማው «አይዞህ፣ ተስፋ አትቁረጥ» የሚለውን ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል። ነገር ግን ተስፋን የልብ ጥንካሬ ጉዳይ ብቻ ስለሚያደርገው፣ ተስፋ የቆረጠውን ሰው ደካማ ብሎ ይፈርድበታል። የድሬዳዋ ታሪክ ይህን ፍርድ እንድንመረምር ያስገድደናል። ድሬዳዋ በባቡር የተወለደች፣ በባቡሩ ምክንያትም ደጋግማ ሥራ ያጣች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ከአንዱ እጦት ወደ ሌላ እንጀራ የተሻገሩት ከሌላው ሕዝብ የበለጠ ተስፈኛ ስለሆኑ አይመስለኝም። ድርጅቱ ሲከስር ወይም ሲዘጋ አብሮ የማይሄድ ነገር ነበራቸው፤ አንድም በእጃቸው ያለ ሙያ፣ አንድም ከጎናቸው የቆመ ሰው።

ባቡሩ ለሰው ሥራ ከመስጠቱ በፊት የሰው ሥራ ነጥቋል። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከጅቡቲ ሐዲድ መዘርጋት የተጀመረው ደግሞ በ1897 ነው። ከዚያ በፊት የሐረር ቡናና ቆዳ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው በግመል ነበር። መንገዱ በኢሳ ጎሳ ምድር ስለሚያልፍ ግመል ማከራየት፣ መንገድ መምራትና ነጋዴውን መጠበቅ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነበር። የሐዲዱ ሠራተኞች በኢሳዎች ሲጠቁ ነገሩን የዘመናዊነት ጥላቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። እኔ ግን እንጀራው ሲወሰድበት እያየ ዝም ሊል ያልቻለ ሰው ተቃውሞም ነበር እላለሁ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ከግርጌው ቆመ፤ እዚያ የተቆረቆረችው ድሬዳዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ዘይላ ከዚያ በኋላ አላንሠራራችም። ግመሉ ግን ሥራ አልፈታም። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲያ እስኪቀጥል ድረስ ለመሃል አገር የሚሄደው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ከዘይላ መንገድ የተፈናቀለው የጭነት ሙያ ባቡሩ ካቆመበት ላይ ሌላ ገበያ አገኘ ማለት ነው። የበረሃውን ውኃ መገኛ የሚያውቅ፣ ጭነት አመዛዝኖ የሚያስር ሰው እውቀቱ የትም ይዞት የሚሄደው ነው።

ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል ደግሞ ተራው የድሬዳዋ ሆነ፤ የመጨረሻ ጣቢያ መሆኗ ቀረ። ከተማዋን ያቆያት የባቡሩ ዋና የጥገና ወርክሾፕ ነው። እዚያ የሚማሩት ሙያ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት አንዱን ሥራ ብቻ መውሰድ ይበቃል። የተበላ የነሐስ ቡሽ ሲመጣ ባለሙያው ዘንጉን በካሊፐር ይለካል፣ ጥሬውን ነሐስ ቶርኖ ላይ ያስራል፣ እያሽከረከረ በጥቂት በጥቂቱ ይልጠዋል፣ አውርዶ ይሞክረዋል፣ ካልገባ መልሶ ያስረዋል። ይህን የቻለ ሰው የወፍጮ ቤት ዘንግም፣ የውኃ ፓምፕም፣ የጭነት መኪና አካልም ይሠራል። በ1950ዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች በናፍጣ ሲተኩ የእሳት አንዳጁ ሥራ አበቃለት፤ የቶርኖና የብየዳ ባለሙያው ሥራ ግን አላበቃለትም። ሁለቱም የለፉ ሠራተኞች ነበሩ። ልዩነቱ የአንዱ ሙያ ከአንድ ማሽን ጋር የተቆራኘ፣ የሌላው ግን ከብዙ ማሽን ጋር የሚስማማ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሙያ የሌለው ምን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ባቡር የሚያኖረው መካኒክን ብቻ አልነበረም። በመኢሶ፣ በአፍደም፣ በኤረር ጣቢያዎች ባቡሩ በቆመ ቁጥር ፍራፍሬ፣ ወተትና ሻይ ይሸጥ ነበር። አሮጌው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ ሲቆም የእነዚህ ሻጮች ገበያ አብሮ ቆመ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የድሬዳዋ ጣቢያው ከመሃል ከተማ የራቀ በመሆኑ የቀድሞውን ጣቢያ የለገሃርን ግርግር አልመለሰውም። በእነዚህ ሰዎች ፊት ሙያን ብቻ ማወደስ ጭካኔ ይሆናል። ከጎን የሚቆም ሰው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የባቡር ሠራተኞቹ ራሳቸው ይህን ቀድመው ተረድተውታል። በ1947 ያቋቋሙት ማኅበር በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ ሲሆን፣ ከዓላማዎቹ አንዱ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ካሣ እንዲያገኝ መታገል ነበር። በ1949 ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ በኃይል ቢደፈጠጥም፣ የአንዱ መጎዳት የሁሉም ጉዳይ ነው የሚለው ሐሳብ አልጠፋም፤ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሠራተኛ እንዲደራጅ የሚፈቅደው ሕግ ወጣ።

ማኅበር ለሌለው ሰው ደግሞ እቁብና እድር አሉ። እቁብ አንድ ሻጭ ከከሰረ ገበያ ወደ ሌላ የሚሻገርበትን መነሻ ገንዘብ ይሰጣል፤ እድር ደግሞ ቤተሰቡ በክፉ ቀን ብቻውን እንዳይቀር ያደርጋል። አንዳንዶች እነዚህ ለሥራ ማጣት የታሰቡ አይደሉም ይላሉ፤ መዋጮ የሚጠይቁትም አባሉ ገንዘብ ባጣበት ሰዓት ጭምር ነው። እውነት ነው። ገቢው የተቋረጠበት ሰው በመጀመሪያ የሚሸሸው ከመዋጮ ነው፤ ከመዋጮ ሲሸሽ ከጎረቤትም ይርቃል፤ «እገሌ ቦታ ሰው ይፈልጋሉ» የሚለው ወሬም ሳይደርሰው ይቀራል። ይህ ግን የሚታረም ጉድለት ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ አንዳንድ እድሮች ለወሊድና ለሕመም እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ከሥራ ለተሰናበተ አባልም የጥቂት ወራት የመዋጮ እፎይታ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ጻፉለት፤ ስሙንም ከመዝገቡ አትሰርዙ።