ከፈረስ ጭራ እስከ ናይለን

በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ አንድ የፊዚክስ ሕግ ሳይማር ያውቃል። ጅራፉ ከመያዣው ወፍሮ ወደ ጫፉ ካልቀጠነ አይጮኽም። የክንድ ኃይል ወደ ጫፍ በተጓዘ ቁጥር የሚያንቀሳቅሰው ክብደት ያንሳል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። በላባና በክር በተሠራች ሐሰተኛ ዝንብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችም የሚተማመኑት በዚሁ ሕግ ነው። በወፍራሙ መወርወሪያ ገመድና በዝንቧ መካከል እየቀጠነ የሚሄድ ክር ያስራሉ። በእንግሊዝኛ «ሊደር» ይሉታል፤ እኛ መሪ ክር እንበለው። ኃይሉን እስከ ዝንቧ ያደርሳል፤ ከዓሣውም ዓይን ይሰወራል።

መሪ ክር መጀመሪያ የፈረስ ጭራ ነበር፤ ማሲንቋችን የሚያዜምበት ያው ጭራ። እ.ኤ.አ. በ1496 በእንግሊዝ የታተመ የዓሣ ማጥመድ ድርሳን ለትራውት 9፣ ለሳልመን 15 ጭራ ገምዱ ይላል። በ1676 ደግሞ ቻርልስ ኮተን የተባለ ጸሐፊ ከመንጠቆው አጠገብ ሁለት ጭራ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት እያሉ ወደ ዘንጉ መጨመር እንደሚገባ አስተማረ። የማቅጠን ጥበብ በጽሑፍ በግልጽ ሰፈረ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የሐር ትል ነው። በስፔን፣ በሙርሲያ አውራጃ፣ ሐሩን ሊፈትል የተቃረበውን ትል ኮምጣጤ ውስጥ ይነክሩትና የሐር እጢውን አውጥተው በእጅ ይስቡታል። አንድ ትል የሚሰጠው ክር ከክንድ እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ አጥማጁ ወፍራሙን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከቀጭኑ መቋጠር ነበረበት። ክሩ ሲደርቅ ስለሚሰበር አስቀድሞ በውኃ ይርሳል። ይበልጥ እንዲቀጥን ሲፈለግ ደግሞ በብረት ሰሌዳ ቀዳዳ ውስጥ ይሳባል። አንድ ጊዜ የተሳበው «1 ኤክስ»፣ ሁለት ጊዜ የተሳበው «2 ኤክስ» ተባለ።

በ1935 አሜሪካዊው ኬሚስት ዋላስ ካሮተርስ በዱፖንት ኩባንያ ናይለንን ፈለሰፈ። ሥራው በ1938 ለዓለም ሲበሠር እሱ አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ሞቶ ነበር። ናይለን አስቀድሞ በውኃ መራስ አያስፈልገውም፣ እንደ ልብ ይረዝማል። የሪትዝ ሆቴል መሥራች ልጅ የሆነው ቻርልስ ሪትዝ የመሪ ክሩን 60 በመቶ ለወፍራሙ፣ 20 በመቶ ለመካከለኛው፣ 20 በመቶ ለቀጭኑ ክፍል የሚመድብ ቀመር አወጣ። ውፍረቱ በድንገት ከቀነሰ ክሩ ቋጠሮው ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋልና፤ ኃይሉም እዚያው ይቀራል።

የሙርሲያ ሰዎች የእጅ ሥራ ግን በናይለን ጠፋ። ብዙ ቤተሰብ እንጀራ የበላበት ሙያ ለሙዚየም ወሬ ሆነ። የተረፈው ቁጥሩ ብቻ ነው። ዛሬ አጥማጅ ሱቅ ገብቶ «5 ኤክስ ስጠኝ» ሲል 0.006 ኢንች የሚወፍር ክር ይሰጠዋል። ማንም በቀዳዳ አምስት ጊዜ አልሳበውም። ያ ቁጥር ግን ስማቸው ያልተጻፈ የእነዚያን እጆች ድካም ዛሬም ይቆጥራል።