ሳራ ኮፒያ ሱላም፦ ከጌቶ የተሰማው ድምፅ

የቬኒስ መንግሥት የከተማዋን አይሁድ በአንድ ሰፈር ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1516 ነበር። ጌቶ የተባለው የዚህ ሰፈር በሮች ማታ ማታ ይቆለፉ ነበር፤ የዘበኞቹን ደመወዝ የሚከፍሉትም ራሳቸው አይሁዳውያኑ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ክርስቲያን ገጣሚዎችና ሊቃውንት ለሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ወደዚያው ይመላለሱ ጀመር። እልፍኟን የከፈተችላቸው ሳራ ኮፒያ ሱላም የምትባል ወጣት አይሁዳዊት ናት።

ሳራ በ1618 የጄኖዋው ገጣሚ አንሳልዶ ቼባ ስለ ንግሥት አስቴር የደረሰውን ረጅም ግጥም አንብባ ደብዳቤ ላከችለት። ሁለቱ በአካል ሳይተያዩ አራት ዓመት ተጻጻፉ። ቼባ ክርስትናን እንድትቀበል አጥብቆ ወተወታት፤ እሷም ወዳጅነቱን አክብራ፣ በእምነቷ ጸናች።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ1621 ነው። ከእልፍኟ እንግዶች አንዱ የነበረው ካህኑ ባልዳሳሬ ቦኒፋቾ፣ «ነፍስ አትሞትም የሚለውን ትክዳለች» ሲል በታተመ ጽሑፍ ከሰሳት። መናፍቃንን የሚመረምረው የኢንኩዊዚሽን ችሎት በሚሠራባት ቬኒስ ይህ ክስ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነበር። ሳራ ጊዜ ሳትሰጥ በዚያው ዓመት «ማኒፌስቶ» የተሰኘ መልሷን በስሟ አሳተመች። መታሰቢያነቱን የሰጠችው ከዓመታት በፊት ለሞተው አባቷ ነው። የአባቷ ነፍስ ሕያው ናት ብላ የማታምን ልጅ መጽሐፏን ለእሱ አታበረክትም፤ ስለዚህ ክርክሩ ገና ሳይጀመር የመጀመሪያው ገጽ ራሱ መልስ ሰጠ።

ቀጥሎ የጎዷት በቤቷ የበሉ ሰዎች ናቸው። በገንዘብ ትደግፈው የነበረው መምህሯ ኑሚዲዮ ፓሉትሲ ከባልንጀራው ከአሌሳንድሮ ቤራርዴሊ ጋር ተመሳጥሮ ዘረፋት። ነገሩን በ1624 ስትደርስበት ፓሉትሲን አባረረች፤ ቤራርዴሊን ለዳኞች ከሰሰች። ቤራርዴሊም ቂሙን የተወጣው በብዕር ነው፤ ማኒፌስቶው የእሷ ሥራ አይደለም እያለ ስሟን አጠፋ። ወዳጆቿ ግን ተሰባስበው ጠበቃ ሆኑላት።

ሳራ በ1641 ስታርፍ የመቃብሯን ጽሑፍ ያዘጋጀላት ታዋቂው ረቢ ሊዮን ሞዴና ነው። ቼባ የጻፈላት 53 ደብዳቤዎች በ1623 ታትመው እስከ ዛሬ ሲነበቡ፣ የእሷ መልሶች ግን ጠፍተዋል። ማኒፌስቶው ባይታተም ኖሮ ሳራን የምናውቃት በአብዛኛው ወንዶች ስለ እሷ ባወሩት ነበር። አንዲት ሴት፣ ያውም አይሁዳዊት፣ በእምነት ጉዳይ ከካህን ጋር በአደባባይ መሟገቷ በዚያ ዘመን ታላቅ ድፍረት ነው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሐሳቧን ከራሷ አፍ እንድንሰማ ያስቻለን ይኸው ድፍረቷ ነው።