ከቤት ገመና ወደ ሰው ግላዊነት



የዛሬው ንግግሬ በሁለት ቃላት ላይ ያርፋል። አንደኛው «ገመና» ነባር ቃል ነው፤ ሁለተኛው «ግላዊነት» በሕግና በትምህርት ቋንቋችን ውስጥ በቅርብ ዘመን የተደላደለ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ምትክ ሲነገር እንሰማለን። እኔ ግን የተለያዩ ናቸው እላለሁ። ገመና የቤት ነው፤ ግላዊነት የሰው ነው። ገመናን ቤተሰቡ በአንድነት ይሸፍነዋል፤ ግላዊነት ግን አንዳንድ ጊዜ ከራሱ ከቤተሰቡም የሚጠበቅ መብት ነው። ባለፉት 90 ዓመታት የአገራችን ሕግ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲጓዝ ቆይቷል፤ ጉዞው ግን አላለቀም።

ይህን ጉዞ ለማሳየት ጎፋን መርጫለሁ። የመረጥኩት የተለየ ክስተት ስለተፈጸመበት አይደለም፤ የአዲስ አበባ አኗኗር እርከኖች ተደራርበው ስለሚታዩበት ነው። የጎፋ ገብርኤል ደብር፣ ጎፋ ካምፕ፣ የቀበሌ ቤቶችና የመብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም በአንድ አካባቢ ይገኛሉ። ክፍለ ከተማው ራሱ «ነፋስ ስልክ» በሚለው ስሙ ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍን መልእክት ያስታውሰናል።

ከሕጉ ልጀምር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 እና 26 ሕግ ከፈቀደው ውጭ የሰው ቤት እንዳይበረበርና የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደነገገ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ፣ ኢትዮጵያም ድምፅዋን የሰጠችው፣ በአንቀጽ 12 የግል ሕይወትን፣ ቤተሰብን፣ መኖሪያ ቤትንና የደብዳቤ ልውውጥን አስተሳስሮ ጠበቀ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥታችንም ለቤትና ለደብዳቤ የተሰጠውን ጥበቃ ይዞ ቀጠለ። ልብ እንበል፤ በሁለቱ ሕገ መንግሥቶቻችን ሕጉ የሚፈራው በር የሚያንኳኳውን ባለሥልጣን ነው። ከበሩ ወዲያ ስላለው ነገር ግን «ውስጡን ለቄስ» ብለው ያለፉ ይመስላሉ።

ስለ ቤቱ ውስጥ የተናገረው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በአንቀጽ 13 መኖሪያ ቤትን፣ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል፣ በአንቀጽ 31 በምስጢር የተጻፈን ደብዳቤ ጠበቀ። ያው ሕግ ግን በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገ፤ በአንቀጽ 644 ደግሞ ለቤቱ ጥቅም እስከሆነ ድረስ የሚስቱን ግንኙነት የመከታተልና አካሄዷን የመምራት ሥልጣን ሰጠው። ሕጉ እርስ በርሱ የተጣረሰ ሊመስለን ይችላል። በእኔ አመለካከት ግን አልተጣረሰም፤ ምስጢሩ የቤቱ ነበር፣ የቤቱም ቁልፍ በአባወራው እጅ ነበር።

ቀጣዩን እርከን ያመጣው አብዮቱ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ በተለምዶ ቀበሌ የምንላቸውን፣ አቋቋመ። ቀበሌው አከራይም፣ መዝጋቢም፣ ፈራጅም ሆነ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ በሕገ መንግሥት ተጽፎ የነበረው የበር ክብር ምን ያህል ስስ እንደነበረ ታየ። አሰሳው አለፈ፤ መዝገቡ ግን ቀረ። በቤተሰብ ቅጹ ላይ የቤቱ ኃላፊ ከላይ ይጻፋል፤ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ጥገኛ ዘመድና የቤት ሠራተኛ ከሥር ይዘረዘራሉ። በእድርና በቡና ላይ የመተሳሰብ ምልክት የነበረው የጎረቤት ዓይንም ከዚያ ዘመን ወዲህ የሚፈራ ሆነ፤ ያየውን ወደ ጽሕፈት ቤት ሊያደርስ ይችላልና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 መብቱን ለ«ማንኛውም ሰው» ሰጠ፤ በደብዳቤ ላይ ስልክንና የኤሌክትሮኒክስ መገናኛን ጨመረ። ከ5 ዓመት በኋላ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የባልን የበላይነት አስቀርቶ ቤተሰቡን የመምራት ኃላፊነት ለሁለቱ ተጋቢዎች በእኩልነት ሰጠ። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ በመሆኑ የጎፋን ቤት በቀጥታ ይመለከታል። ሚስቱን የመከታተል የሕግ ሥልጣን የነበረው ባል ያን ሥልጣን አጣ። ዛሬ የሚስቱን ስልክ በግድ የሚከፍት ባል ልማድን እንጂ ሕግን ሊጠቅስ አይችልም።

ኮንዶሚኒየሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕንፃውን የግልና የጋራ ብሎ ከፈለው። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የጋራ ናቸው፤ ቤቱ የግል ነው። የድምፅን ወሰን ግን አዋጅ ሊያሰምረው አይችልም፤ በአንዱ ቤት የሚነሣ ጠብ በሌላው ይሰማል። የደኅንነት ካሜራ በደረጃው ላይ ሲተከልም፣ ማን ስንት ሰዓት ገባ የሚለውን መዝገብ የሚይዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይተከላል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት እንግባ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ስለ ግላዊነት የተለየ አንቀጽ የለውም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ግን በአንቀጽ 10 የሕፃኑን የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ ለወላጅም ምክንያታዊ ቁጥጥርን ይፈቅዳል። ክርክሩ ሁሉ ያለው «ምክንያታዊ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ ስልክ ይዞ መግባት ተከልክሏል። ይህ ቁጥጥር ዓላማው የታወቀ፣ አስቀድሞ የተነገረና ፈተናው ሲያልቅ የሚያበቃ ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣን ልጅ ስም በወላጆች ፊት ማንበብ፣ ወይም የተማሪዎችን ፎቶና ውጤት ያለ ፈቃድ በቴሌግራም መልቀቅ ግን ከዚህ ይለያል። የመጀመሪያው ፈተናውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ልጁን ያዋርዳል፣ የተለቀቀውም ተመልሶ አይሰበሰብም።

የሥራ ቦታም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለቅጥር ከሚቀርበው የጤና ማስረጃ የኤች አይ ቪ ምርመራን ለይቶ አስቀርቷል። አሠሪ ስለ ሠራተኛው የማያገባው ነገር እንዳለ ሕጉ በግልጽ ማመኑ ነበር። ዛሬ የጣት አሻራና ካሜራ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገቡ ያ እምነት እንደገና ይፈተናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቤትም የሥራ ቦታም በአንድ ጣሪያ ሥር የሆኑባት የቤት ሠራተኛ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ሥራዋን ለቃ ስትወጣ ሻንጣዋ በቤቱ ሰዎች ፊት ይበረበራል፤ ማንም እንደ ፍተሻ አይቆጥረውም። የቤቱን ገመና እንድትጠብቅ ይጠበቅባታል፤ የእርሷን ግን የሚጠብቅላት የለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ነው። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ እንዲሆንና ባለቤቱም በመረጃው ላይ መብት እንዲኖረው ይጠይቃል። በእኔ ግምት ትልቁ ለውጡ የባለቤትነት ነው፤ መረጃው የቤተሰብ ኃላፊው ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የሰውየው፣ የሴትዮዋ፣ የልጁ ነው።

«ግላዊነት የባዕድ ሐሳብ ነው፤ አብሮነታችንን ያላላል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሰው ምስጢር አደራ መሆኑን ለማወቅ ከውጭ መምህር አላስፈለገንም፤ የንስሐ አባትና የእድር ሽማግሌ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ያልነበረን ነገር፣ በቤቱ ውስጥ ደካማ የሆነው ወገን የራሱ ምስጢር እንዳለው መቀበል ነው። ይህን ስላልተቀበልን ገመና የድብደባ መሸፈኛ ሆነ። የተደበደበችው ሴት ስትጮኽ «የቤት ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ስልኳ ሲበረበር ግን ያው ቤት ምንም ምስጢር አያውቅም።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ መመዘኛ እተዋለሁ። ምስጢር ይጠበቅ ሲባል፣ የሚጠበቀው የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የብርቱው ከሆነ ገመና ነው፤ የደካማውም ጭምር ከሆነ ግላዊነት ነው። የሕግ ታሪካችን ጥያቄውን ከበሩ ውጭ ወደ በሩ ውስጥ አስገብቶልናል። መልሱን በየቤቱ፣ በየክፍሉና በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰጠው ግን እኛ ነን።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።